የፋብሪካው ቺንጋና የደራሲው ብዕር

ስለ እንግሊዛዊው ደራሲ ስለ ቻርልስ ዲክንስ በመማሪያ ክፍልም ሆነ በሥነ ጽሑፍ የውይይት መድረክ በተነሣ ቁጥር ሁለት አባባሎች ሳይደመጡ አይቀሩም። አንደኛው፣ ደራሲው ለድኻ ያለቀሰ፣ ባቡርና ፋብሪካ ሲያይ ግን ፊቱን ያዞረ፣ የሠረገላ ዘመን ናፋቂ ነበር ይላል። ሁለተኛው ደግሞ የእንግሊዝን ሠርቶ አደር ሕዝብ ኑሮ የለወጠው የእንፋሎት ኃይል በመሆኑ፣ ዲክንስ ጻፈም አልጻፈም ለውጡ አይቀሬ ነበር ባይ ነው። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። የሁለተኛው ግን ይብሳል፤ የሳይንስ ካባ ደርቦ ስለሚመጣ ብዙ ሰው ያሳስታል።

ዲክንስ በ1812 ተወልዶ በ1870 ሞተ (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ «ዘ ታይምስ» ጋዜጣ በእንፋሎት በሚሽከረከር ማተሚያ ታተመ። በ1830 ከሊቨርፑል እስከ ማንቸስተር የሚደርሰው የባቡር መስመር ተከፈተ። በ1840 ደብዳቤ በአንድ ፔኒ ቴምብር አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ይጓዝ ጀመር። መምህሩ ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ደርድሮ «የደራሲው ዘመን» ብሎ ያልፈዋል። ጥያቄው ግን ገና አልተነሣም። መኪናው የማን ንብረት ነበር? ቺንጋውስ የማንን ክንድ ያዘ?

በ1824 የዲክንስ አባት በዕዳ ማርሻልሲ ወኅኒ ቤት ሲገባ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ በቴምዝ ወንዝ ዳር በነበረ የጫማ ቀለም ፋብሪካ በሳምንት 6 ሽልንግ ተቀጠረ። ሥራው የቀለሙን ዕቃ አፍ በወረቀት መሸፈን፣ በሲባጎ ማሰር፣ ምልክት መለጠፍ ነበር፤ የጣት ሥራ እንጂ የእንፋሎት ሥራ አልነበረም። ልጁን ከትምህርት ገበታው ያስነሣው ባለዕዳን የሚያስር ሕግና የሕፃን ጉልበት በርካሽ የሚሸምት ገበያ ነው። ይህን ቁስል ዕድሜውን ሁሉ ይዞት የኖረ ሰው በመኪና አላመካኘም።

እንዲያውም መኪናው ባለውለታው ነበር። ባለ ሦስት ቅጽ ልብ ወለድ 31 ሽልንግ ተኩል በሚሸጥበት ዘመን፣ ከ1836 ጀምሮ «ፒክዊክ ፔፐርስ» በየወሩ በ1 ሽልንግ እየታተመ ወጣ፤ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ የወሩ ሽያጭ 40,000 ደረሰ። ርካሽ ኅትመትና ፈጣን መጓጓዣ ባይኖሩ ይህን ያህል አንባቢ ከየት ይመጣ ነበር? ዲክንስ የበላበትን ወጪት ሰባሪ አልነበረም። «ዶምቤይ ኤንድ ሰን» በተባለው መጽሐፉ ባቡሩ የድኾችን ሠፈር ሲያፈርስ ያሳያል፤ ይሁንና የባቡሩ እሳት ጫሪ ቱድል ልበ ቅን፣ ነጋዴው ዶምቤይ ግን ልበ ደረቅ ነው።

ወደ ዋናው ክርክር እንምጣ። በ1844 የወጣው የፋብሪካ ሕግ አደገኛ መኪናዎች በአጥር እንዲከለሉ አዘዘ። ባለ ፋብሪካዎቹ፣ ከሰባት ጫማ በላይ ከፍ ብሎ የሚሽከረከር ዘንግ ማንንም አይነካም ሲሉ ተከራከሩ። ቺንጋው ግን ሠራተኛውን ከወለል አንሥቶ ወደ ዘንጉ ያደርሰው ነበር። በ1854 ዲክንስ «ሀርድ ታይምስ»ን በተከታታይ ያወጣበት የራሱ መጽሔት፣ በዚህ ሁኔታ ስለ ሞቱና አካላቸው ስለ ጎደለ ሠራተኞች የሄንሪ ሞርሊን ጽሑፍ አተመ። ባለ ፋብሪካዎቹ በ1855 ሕጉን የሚቋቋም ማኅበር አቋቋሙ፤ ሐሪየት ማርቲኖም ደራሲውን የሚያወግዝ ጽሑፍ አሳተመች። በ1856 ፓርላማው ለባለ ፋብሪካዎቹ አደላና የአጥሩን ግዴታ አላላ። እንፋሎቱ ወደፊት እየገሠገሠ ሳለ ሕጉ ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት ነው! «ለውጡ አይቀሬ ነበር» የሚሉ ተከራካሪዎች ስለዚህ ዓመት ምን ይላሉ?

ስለ ባለቤትነቱ የተነሣው ጥያቄ በእንግሊዝ ወሰን ብቻ የሚቀር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው የጠየቁት የእጅ ባለሙያዎችን ነበር። በ1868 የመጣላቸው፣ በዙላ ሐዲድ አንጥፎ ወደ መቅደላ የወጣው ጦር ነው። ጦሩ ሲመለስም የብራና መጻሕፍት ጭኖ ሄደ። ዲክንስ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር።

ደራሲው ከሂስ በላይ አይደለም። በጃንዋሪ 1854 ወደ ፕሬስተን ሄዶ ሥራ ያቆሙትን የፋብሪካ ሠራተኞች ተመለከተ፤ ሥርዓታቸውንና ትዕግሥታቸውንም መሰከረ። በልብ ወለዱ ውስጥ ግን የሠራተኞቹን አስተባባሪ ስላክብሪጅን አፈ ጮሌ ነገረኛ አድርጎ ሳለው። ዐይኑ ያየውን ብዕሩ ካደ። ለተበደለው ሠራተኛ የሚያዝነው ሠራተኛው ብቻውን እስከ ቆመ ድረስ ነበር፤ ተደራጅቶ ሲነሣ ይሸሸዋል። ስለ ደራሲው ደካማ ጎን መነጋገር የሚሻ ሁሉ ክርክሩን ከዚህ ይጀምር፤ የሠረገላ ናፍቆት የሚባለውን ተረት ይተወው።

በጁን 9 ቀን 1865 ዲክንስ የተሳፈረበት ባቡር በስቴፕልኸርስት አጠገብ ከድልድይ ወድቆ 10 ሰዎች ሞቱ። እርሱ ከተንጠለጠለው ፉርጎ ወጥቶ ቁስለኞችን ሲረዳ ዋለ፤ ተመልሶም ገብቶ የልብ ወለዱን ረቂቅ አወጣ። ከዚያ በኋላ በባቡር በተሳፈረ ቁጥር ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መሳፈሩን ግን አልተወም። በድልድዩ ላይ የነበረው ሐዲድ ለጥገና ተነቅሎ ነበር። የጥገናው አለቃ የባቡሩን ሰዓት ከሰሌዳው አሳስቶ አንብቦታል፤ ቀይ ባንዲራ የያዘው ሠራተኛም ከሥራው ቦታ 1,000 ያርድ ርቆ መቆም ሲገባው፣ የቆመው በ550 ያርድ ገደማ ላይ ነበር።