የፓኮ ወረቀት
ሚኒባስ ውስጥ የሚለጠፉትን ጥቅሶች ማንበብ እወዳለሁ። ስለ ጽናት የሚያወሩት አይጠፉም፤ የተናጋሪው ስም ብዙ ጊዜ የለም፣ ቢኖርም እምብዛም አላምነውም። እኔ ጽናት ሲባል ትዝ የሚለኝ ገጣሚውና ጋዜጠኛው ነቢይ መኮንን ነው። በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ልብ ወለድ፣ ኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ የታተመውን፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተረጎመው። እንግሊዝኛው ከ1,000 ገጽ በላይ ነው። እስቲ ይህን የሚያህል መጽሐፍ ከመዳፍ በማትበልጥ ብጣሽ ላይ ማስፈርን አስቡት፦ ፊደሉ መድቀቅ አለበት፣ ለስርዝ ድልዝ ቦታ የለም፣ ቀጣዩ ገጽ የሚገኘውም አንዱ እስረኛ ፓኮውን ሲጨርስ ነው። (ስለ ሲጋራ ደግ ነገር የምናገረው ይቺን ብቻ ነው።) የተጻፈውም በሚፈቱ እስረኞች እጅ፣ እዚያው ፓኮ ውስጥ ተደብቆ ከግቢ ወጣ። ለዚህ ነው ጽናትን የአንድ ሰው ጀግንነት ብቻ አድርገው የሚያወድሱ ጥቅሶች የማያረኩኝ። ወረቀቱን የሰጠው አጫሽ፣ ፓኮውን ኪሱ ከቶ ፍተሻ ያለፈው ተፈቺ፣ እነሱም ከተርጓሚው ጋር ጸንተዋል። እንዲያውም እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ይሄ ተፈቺ ነው፤ ስንት ዘመን የናፈቀውን ነፃነት በር ላይ ደርሶ፣ ሌላ ሰው ለደከመበት ሥራ ሲል አደጋ ላይ ጣለው።