ሽጉጡ በሺዎች፣ አፎቱ በሳንቲም

ነጋዴ ሒሳብ አይስትም ይባላል። በኩንታል ላይ ለምትጨመር አምስት ብር ይከራከራል፤ የጭነት መኪና ኪራዩን በኪሎ ሜትር ያባዛል፤ የባንክ ወለዱን በጣቱ ይቆጥራል። ይኸው ሒሳብ ዐዋቂ ግን ፈቃድ አውጥቶ ወገቡ ላይ ሽጉጥ በታጠቀ ዕለት ስሌቱ ይጠፋበታል። ለመሣሪያው ብዙ ሺህ ብር ሲያወጣ ያላመነታው ሰው፣ መሣሪያውን ከወገቡ ጋር ለሚያያይዘው ቆዳ ሲደርስ ከተደረደሩት መካከል የመጨረሻውን ርካሽ አፎት አንሥቶ ይሄዳል። አንዳንዱም ይህንኑ ወጪ ይሸሽና ሽጉጡን ቀበቶው ሥር ይሽጠዋል፤ ወይም ኮት ኪሱ ውስጥ ይጥለዋል።

የዚህ ቁጠባ መጨረሻ ምን እንደሚመስል ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ የእህል ነጋዴ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሻሸመኔ ወረደ እንበል። መንገዱን ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሽጉጡ እጀታ ጎኑን ሲወጋው ስለዋለ ቀበቶውን ላላ አድርጓል። ምሳ ቤት ገብቶ ከደላላውና ከሻጩ ጋር ይቀመጣል። ዋጋ ተቆርጦ ለመጨባበጥ ብድግ ሲል የላላው አፎት ይጠመዘዝና ሽጉጡ ሲሚንቶው ላይ ይወድቃል። ባይተኩስ እንኳ የቤቱ ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ያያል። ሻጩ ይደነግጣል፤ ደላላው ነገሩን ለማለስለስ ይስቃል፤ በስተጥግ የተቀመጠው የማይታወቅ ሰው ግን ይህ እንግዳ ገንዘብ መያዙን ያን ጊዜ ይረዳል። ገንዘብ ይጠብቅልኛል ተብሎ የተታጠቀው መሣሪያ፣ ገንዘብ መኖሩን ያወጀ ለፋፊ ሆነ ማለት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ስለዚህ የአፎት ነገር የጌጥ ጉዳይ አይደለም። አፎት ሦስት ሥራ አለው። ሽጉጡን አጥብቆ መያዝ፣ ቃታውን መሸፈንና ከሰው ዐይን መሰወር ናቸው። አራተኛው ምቾት ሲሆን ሦስቱን የሚሸከመው እርሱ ነው። የማይመች አፎት ሁለት ቀን ይታጠቁትና በሦስተኛው ቀን ይተዉታል። ያልታጠቁት ሽጉጥ ደግሞ በመኪና ወንበር ሥር ወይም በሱቅ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እዚያ ቀድሞ የሚያገኘው ማን ነው? ሌባ ነው፤ ወይም ሕፃን ልጅ ነው።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው ሕጋዊ ፈቃድ ያለውን ሰው ብቻ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ኃላፊነቱ የራሱ ነው። ሽጉጡ ከእጁ ቢወድቅና ጉዳት ቢያደርስ፣ የአፎቱ ስፌት ረገበ የሚለው ምክንያት ፍርድ ቤት አያድነውም።

የአፎት ጥበብ ብዙ የተፈተነበት አገር አሜሪካ ነው። ኮልት ኩባንያ ስድስት ጥይት የሚጎርሰውን አጭር ሪቮልቨር ዲቴክቲቭ ስፔሻልን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ደግሞ በ1950 አምስት ጥይት የሚጎርስ፣ ከዚያም የሚያንስ ሽጉጥ አወጣ። የሁለቱም የተለመደው አፈሙዝ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በልብስ ሥር እንዲያዙ ታስበው የተሠሩ ስለሆኑ ለእነርሱ የሚሆን ቆዳ መስፋት ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። በ1920ዎቹ በቴክሳስ፣ ኤል ፓሶ ከተማ የኮርቻ ሠሪው የማየርስ ቤት ለሕግ አስከባሪው ቶም ትሪፐርሰንስ የሰፋው አፎት እስከ ዛሬ ስሙ ይነሣል። ያ አፎት ግን ሽጉጡን ቶሎ ለመምዘዝ ሲባል ቃታውን ክፍት የሚተው ነበር። ከጊዜ በኋላ የመጡት ጥሩ ባለሙያዎች ይህን ለውጠው ቃታውን ሙሉ በሙሉ ሸፈኑት። ከፍጥነት ይልቅ ደኅንነት ይቅደም ማለታቸው ነው።

ጉዳዩ በዚያ ለሚነግደው ሐበሻም ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የኒው ዮርክ ነዋሪ ሽጉጥ ለመያዝ ልዩ ምክንያት ያቅርብ የሚለውን ሕግ ሻረ። በሚቀጥለው ወር የሜሪላንድ ግዛትም ተመሳሳይ መመዘኛውን ማስፈጸም አቆመ። በሲልቨር ስፕሪንግ ሱቅ ከፍቶ እስከ እኩለ ሌሊት የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ሥልጠናውን ወስዶ ፈቃዱን ካገኘ፣ ቀጣዩ ጥያቄው ይኸው የአፎት ጥያቄ ነው።

ሪቮልቨር ከሌላው ሽጉጥ በቅርጹ ይለያል። ካዝና ያለው ሽጉጥ ጠፍጣፋ ነው። ሪቮልቨር ግን ሲሊንደር የሚባለው፣ ጥይቱ የሚጎርስበት ተሽከርካሪ ክፍል ከመሐሉ ያብጣል። በትንሹ ባለ አምስት ጥይት ላይ እንኳ ውፍረቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያልፋል። በመሆኑም ለሁሉም ይሆናል ተብሎ የሚሸጠው ከረጢት መሰል አፎት ለሪቮልቨር አይሆንም። አፎቱ በዚያው ሞዴል ልክ በእርጥብነቱ ቅርጽ ይዞ የደረቀ መሆን አለበት። የሲሊንደሩ እብጠት በቆዳው ላይ በግልጽ ከታየ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሽጉጡን የሚይዘው ያ ቅርጽ ነውና።

ሁለተኛው ጉዳይ ሚዛን ነው። አጭር አፈሙዝ ያለው ሪቮልቨር ክብደቱ ወደ እጀታው ያደላል። ከብረት የተሠራው ትንሹ ሞዴል ባዶውን ከግማሽ ኪሎ ጥቂት ይበልጣል። አፎቱ ከቀበቶው በላይ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ እጀታው ወደ ውጭ ይዘነበላል፤ ኮቱን ገፍቶም ጉብ ይላል። መድኃኒቱ ሲሊንደሩ ከቀበቶው ብዙ ርቆ እንዳይወጣ አድርጎ የሚይዝና ከአፈሙዙ ትንሽ የሚረዝም አፎት መምረጥ ነው። ቀበቶው በግራና በቀኝ በሁለት ቀዳዳ የሚያልፍበት፣ አሜሪካኖች ፓንኬክ የሚሉት ጠፍጣፋ ዓይነት እጀታውን ወደ ጎን ስቦ ስለሚያስጠጋ ለመደበቅ ይመረጣል። አፈሙዙን ወደ ኋላ፣ እጀታውን ወደ ፊት ጥቂት ያዘነበለ አፎት ደግሞ ጎንበስ ሲሉ ኮቱን ከኋላ አይወጥረውም።

የሚታጠቁበት ቦታም ዋጋ አለው። ቀኝ እጅ ለሚጠቀም ሰው ከዳሌ አጥንቱ ትንሽ ወደ ኋላ ያለው ስፍራ ለመቀመጥም ለመደበቅም ይመቻል። ጀርባ መሐል ላይ፣ በአከርካሪ አጥንት ትክክል መታጠቅ ግን ስሕተት ነው። ሰው በጀርባው ቢወድቅ ከአከርካሪው ጋር የሚጋጨው ብረት ነው። በሱሪ ውስጥ የሚገባው አፎት በሸሚዝ ብቻ ለሚውል ሰው ይሻላል፤ ሆኖም ሱሪው በወገቡ ከልክ ትንሽ የሰፋ መሆን ይኖርበታል። ኮት በማይወልቅበት በአዲስ አበባ ብርድ ውጫዊው አፎት ይበቃል። ድሬዳዋ ወርዶ ኮቱን ወንበር ላይ የሚሰቅል ነጋዴ ግን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ ከሁሉ የሚበልጠው መመዘኛ ግን የበር ፍተሻው ነው። ባንክ፣ ሆቴልና የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ ፈታሽ አለ። ሽጉጥ የያዘ ሰው መሣሪያውን ማስረከብ ይኖርበታል። ቀበቶ ሳይፈታ የማይወልቅ አፎት የታጠቀ ሰው ምን ያደርጋል? በተሰለፈው ሰው መካከል የጎረሰ ሽጉጥ መዝዞ ያወጣል። ይህ በቀን ሦስት ጊዜ የሚደጋገም አደጋ ነው። ማሰሪያው ተጭነው በሚከፍቱት ጠንካራ ቁልፍ የሚፈታ አፎት ቢሆን ኖሮ፣ ሽጉጡ ከአፎቱ ሳይወጣ፣ ቃታውም እንደተሸፈነ አንድ ላይ ወልቆ ይረከባል። ዋጋው ትንሽ ቢጨምር የሚጨምረው ለዚህ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቀበቶ ነው። ጥሩ አፎት በልፍስፍስ ቀበቶ ላይ ዋጋ የለውም። ለዚህ ሥራ የተለመደው ወርድ 38 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የአፎቱ ቀዳዳና የቀበቶው ወርድ ካልገጠሙ አፎቱ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ቀበቶው ሲታጠፍ የሚለመጥ ሳይሆን ክብደት ችሎ ቀጥ የሚል መሆን አለበት። ብዙ ሰው ሽጉጡ ከበደኝ ሲል ጥፋቱ የሽጉጡ ሳይሆን የቀበቶው ነው።

ቆዳውን በተመለከተ ደላላ የሚነግረውን ትቶ በጣት መፈተን ይሻላል። ለአፎት የሚሆነው በዕፀዋት ቅርፊት የለፋ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው የከብት ቆዳ ነው። ቅርጽ ይይዛል፤ ይደርቃል። በክሮም የለፋው ለስላሳ ቆዳ ለጫማና ለጃኬት ግሩም ነው፤ ለአፎት ግን አይሆንም። ቅርጽ አይዝም፤ በውስጡ የሚቀረው ጨውም ብረት ያዝጋል። የትኛውም ቆዳ ቢሆን እርጥበት ስለሚስብ ሽጉጡን ለወራት በአፎቱ ውስጥ ማስቀመጥ አይገባም።

ገዢው ባዶ መሆኑ ሁለት ጊዜ በተረጋገጠ ሽጉጥ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሊፈትነው የሚገባ ጥቂት ነገር አለ። ቃታው ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። አፎቱ ሲገለበጥ ሽጉጡ መውደቅ የለበትም። ሽጉጡ ሲወጣ የአፎቱ አፍ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት፤ ከተጣበቀ በሌላው እጅ ለመክፈት መታገል ይመጣል፤ ያም እጅ በአፈሙዙ ፊት ያልፋል። አዲስ አፎት መጀመሪያ ቢጠብቅ አያስደነግጥም፤ ባዶውን ሽጉጥ በስስ ፕላስቲክ ጠቅልሎ አንድ ሌሊት ማሳደር ያላላዋል። ዘይት ነክሮ ማለስለስና ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን አፎቱን መግደል ነው። አርጅቶ አፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ አፎትም ይጣል እንጂ አይጠገን፤ የታጠፈው ቆዳ ወደ ቃታው ገብቶ ሊያስተኩስ ይችላልና።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አንድ ሺህ ብር የሚሸጥ ለስላሳ አፎት በዓመቱ ይረግባል፣ አምስት ሺህ ብር የሚጠይቀው ደግሞ አሥር ዓመት ያገለግላል እንበል። ርካሹ በአሥር ዓመት አሥር ሺህ ብር ይበላል፤ ውዱ በዓመት አምስት መቶ ብር ብቻ። ይህ የምሳ ቤቱን ሐፍረት፣ የተሰረቀውን ሽጉጥ፣ የተቀማውን ፈቃድና ከሁሉ በላይ የሰው ሕይወትን ሳይጨምር ነው። የዕቃን ዋጋ በዕድሜው ማካፈል የሚያውቅ ነጋዴ ይህን ለምን በጭነት መኪናው ጎማ ላይ ሲያሰላ ኖሮ በወገቡ ላይ ይረሳዋል?

ነገሩ የአምራቹም ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት። ያለቀለት የቆዳ ዕቃ እንዲመረት ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2008 በጥሬ ቆዳ ኤክስፖርት ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ተጥሏል። ያለቀለት ዕቃ ማለት ግን ጫማና ጃኬት ብቻ አይደለም። ኮርቻ መስፋት፣ ዝናር መሥራት፣ ጎራዴን በሰገባ ማልበስ ለዚህ አገር እጅ አዲስ አይደለም። በክሮም ሳይሆን በዕፀዋት የለፋ ወፍራም ቆዳ፣ አንድ የቅርጽ እንጨትና ታጋሽ ሰፊ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ለፖሊስም፣ ለጥበቃ ድርጅትም፣ ፈቃድ ላለው ነጋዴም ገበያው እዚሁ ነው። የጎደለው ቆዳ ሳይሆን ጥሩውን ከመጥፎው ለይቶ ዋጋውን የሚከፍል ገዢ ነው። ገዢው ርካሹን እስከመረጠ ድረስ ሰፊውም ርካሹን ይሰፋል።

በእርግጥ ከአፎት ሁሉ የሚበልጠው ጥሬ ገንዘብ ሳይዙ መንገድ መውጣት ነው። በባንክ የተላለፈ ገንዘብ ሽጉጥ አይፈልግም። ይህ እስኪሟላለት ድረስ ግን መታጠቅ ግድ የሆነበት ነጋዴ ቢያንስ የታጠቀውን አሳምሮ ይታጠቅ። ጥሩ አፎት መኖሩ የማይታወቅ ነው። አያወጋም፤ አይረግብም፤ ሰው አያየውም፤ ባለቤቱም ቀኑን ሙሉ ስለ ሽጉጡ ሳይሆን ስለ ዋጋ ሲያስብ ይውላል። ነጋዴ ሊያስብ የሚገባውም ስለዚያው ነው።