የብቅል ገብስ ፕሮቲን ከፋብሪካ በር በፊት ይለካ

የብቅል ገብስ የሚያመርት አርሶ አደር ምርቱን የሚያስረክበው በኩንታል ብዛት ብቻ አይደለም። ፋብሪካው የገብሱን እርጥበት፣ ንጽህና፣ የፍሬ ሙላት፣ የመብቀል አቅምና የፕሮቲን መጠን ይመለከታል። ንጽህናውንና ሙላቱን አርሶ አደሩ በዓይኑ አይቶ፣ እርጥበቱን በጥርሱ ሰብሮ ይገምታል። ፕሮቲንን ግን በዓይን መለየት አይቻልም። ፍሬው ሞልቶ ያማረ ገብስ ፕሮቲኑ ከመጠን ያለፈ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚታወቀው ጭነቱ ፋብሪካ ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ከሆነ ምርቱ ወደ ምግብ ገብስ ገበያ ይመለሳል። የመኪና ኪራዩና የጫኝ አውራጁ ወጪም በአምራቹ ወይም በማህበሩ ላይ ይወድቃል።

በአሰላ፣ በጎንደርና በደብረ ብርሃን የብቅል ፋብሪካዎች በመኖራቸው የደጋው ገብስ ገበያ አግኝቷል። ለብቅል የሚፈለገው ፕሮቲን ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 በመቶ ነው። ፕሮቲን ሲበዛ ስታርች ይቀንሳል፤ ከአንድ ኩንታል ብቅል የሚገኘው ምርትም ያንሳል፤ ቢራውም ይደፈርሳል። ሲያንስ ደግሞ እርሾው በቂ ምግብ አያገኝም፤ አረፋውም አይቆምም። በአንጻሩ ለዳቦና ለፓስታ በሚውል ስንዴ ከፍ ያለ ፕሮቲን ይፈለጋል። ስለዚህ ለስንዴ የሚሰጥ የማዳበሪያ ምክር እንዳለ ለብቅል ገብስ ሊሰጥ አይገባም።

መነሻው ማሳው ነው

ፕሮቲን የሚሠራው ከናይትሮጅን ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም፣ አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ደግሞ 19 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይይዛል። ናይትሮጅን እስከተወሰነ መጠን ድረስ ምርት ይጨምራል። ከዚያ ያለፈው፣ በተለይም ሰብሉ ሊያዘረዝር ሲቃረብ የሚጨመር ዩሪያ፣ የፍሬውን ፕሮቲን ከፍ ያደርጋል። ባቄላ በነበረበት ማሳ ላይ የሚዘራ ገብስም ከአፈሩ ተጨማሪ ናይትሮጅን ያገኛል። ዝናብ ቀድሞ ሲያቋርጥ ደግሞ ፍሬው ሳይሞላ ይቀርና የፕሮቲን ድርሻው ከፍ ይላል። ከውቂያ በኋላ ይህን መለወጥ አይቻልም። የሚቻለው አስቀድሞ ማወቅና ምርቱን እንደየደረጃው መለየት ነው።

ቤተ ሙከራው የሚለካው

በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች የተለመደው የፕሮቲን መለኪያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1883 በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዮሃን ኬልዳል ያወጣው ዘዴ ነው። የተፈጨው እህል በሰልፈሪክ አሲድ ይቀቀላል፤ ናይትሮጅኑ ወደ አሞንያ ተለውጦ ይለካል። የተገኘው በ6.25 ሲባዛ የገብሱ ፕሮቲን ይታወቃል። ናይትሮጅኑ 1.76 በመቶ ከሆነ ፕሮቲኑ 11 በመቶ ነው ማለት ነው። ለስንዴ ማባዣው 5.7 ነው።

ውጤት የሚያነብ ባለሙያ አንድ ነገር ሊያጣራ ይገባል፤ ቁጥሩ የተሰላው ከነእርጥበቱ ነው ወይስ በደረቅ ክብደት? 12 በመቶ እርጥበት ያለው ገብስ ከነእርጥበቱ 11 በመቶ ፕሮቲን ቢያሳይ፣ በደረቅ ክብደት ሲሰላ 12.5 በመቶ ይሆናል። ጣሪያው 12 በመቶ በሆነ ውል ያው ገብስ በአንዱ ስሌት ያልፋል፣ በሌላው ይወድቃል። ስሌቱ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ሻጭና ገዥ ሁለቱም እውነት ይዘው ይጣላሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ናሙና ነው። በመሣሪያው ውስጥ የሚገባው አንድ ግራም ያህል ነው። ያ አንድ ግራም የመቶ ኩንታል ወኪል ነው። ናሙናው ከአንድ ጆንያ አፍ ተዘግኖ ከተወሰደ ውጤቱ የዚያን ጆንያ እንጂ የመጋዘኑን ገብስ አያሳይም። ከብዙ ጆንያ፣ ከላይም ከመሃልም ከታችም ተወስዶ፣ ተደባልቆ፣ ቀበሌው፣ ዝርያውና ቀኑ ተጽፎበት መላክ አለበት።

ወረዳው ምን ያድርግ?

እያንዳንዱ ወረዳ ወይም ዩኒየን የራሱን የኬልዳል መሣሪያ ይግዛ ማለት አያዋጣም። መሣሪያው ኬሚካል፣ የማያቋርጥ መብራት፣ የአሲድ ጭስ ማስወጫና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ከማስተማርና ከምርምር ጎን የማህበረሰብ አገልግሎት የመስጠት ኃላፊነት አለባቸው። የጋራ ቤተ ሙከራ ይህንን ኃላፊነት ከአርሶ አደሩ ገበያ ጋር ያገናኛል።

ይሁን እንጂ አርሶ አደሩ በተናጠል ናሙና ይዞ ዩኒቨርሲቲ ድረስ እንዲሄድ መጠበቅ አይቻልም። መሣሪያው በአንድ ዙር በርካታ ናሙና ስለሚቀቅል፣ ህብረት ሥራ ማህበራት ናሙናቸውን አሰባስበው በአንድ ጊዜ ቢልኩ ወጪውም ጊዜውም ይቆጥባል። ቤተ ሙከራው የተማሪዎችና የተመራማሪዎች ሥራም ስላለበት ተራው፣ የአገልግሎት ክፍያውና ውጤት የሚሰጥበት ቀን ከመኸር ስብሰባ በፊት በጽሑፍ ስምምነት መታወቅ አለበት። ጭነቱ ከሄደ በኋላ የሚደርስ ውጤት አርሶ አደሩን ከኪሳራ አያድነውም።

ውጤቱ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መሳቢያ ውስጥም መቅረት የለበትም። ፕሮቲኑ በተደጋጋሚ ከ12 በመቶ በሚያልፍበት ቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የዩሪያውን መጠን፣ የተጨመረበትን ጊዜና ቀድሞ የነበረውን ሰብል ከአርሶ አደሩ ጋር መመርመር ይኖርበታል። ለሽያጭ የተደረገው ምርመራ ለቀጣዩ ዘር ምክር ሲሆን፣ አርሶ አደሩ የከፈለው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ያገለግለዋል።