ሙዝ ይመዘናል፣ ሰው ግን አይመዘንም!

መርሳ ላይ ሙዝ ሚዛን ላይ ይወጣል። ወልድያ ጤፍ ስትገዛ ነጋዴው እንዳያጭበረብርህ ዓይንህን ሚዛኑ ላይ ተክለህ ትቆማለህ። በየወሩ ኦላንዛፒን እየተቀበለ ወደ ሀብሩ ገጠር የሚመለሰውን ወንድማችንንስ ማን መዘነው? እኔ የጠየቅኳቸው ቤተሰቦች ኪኒኑ መቼ እንደሚያልቅ ያውቃሉ፤ ልጃቸው ስንት ኪሎ እንደሆነ ግን አያውቁም።

የቅንጦት ወሬ እንዳይመስላችሁ። እንደ ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን ያሉት የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የረሃብና የጥጋብ ስሜትን ያዛባሉ፤ ሰውየው በልቶ አይጠግብም። ይወፍራል፣ የደም ስኳሩና ቅባቱ ይጨምራል። ሳይወፍር ስኳር የሚይዘውም አለ። እኛ አገር ደግሞ የከሳ ልጅ ሲወፍር እናት "ተመስገን፣ ወዙ ተመለሰ" ብለው ይመርቃሉ። አትፍረዱባቸው፣ የነገራቸው የለም!

ኪኒኑን ጣሉት እያልኩ አይደለም። ክሎርፕሮማዚን እ.ኤ.አ. በ1952 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ እነዚህ መድኃኒቶች ስንቱን ከሰንሰለት ፈተዋል። በድንገት ያቋረጠ ሕመሙ ይነሳበታል። የቆየው ሃሎፔሪዶል በውፍረት በኩል ይሻላል፤ እሱ ደግሞ ሰውነት እያንቀጠቀጠና እየገተረ ያስከፍላል። ነጻ የሚባል የለም።

ነገሩ ምስጢርም አይደለም። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 የስኳር በሽታ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዘዘ። በ2004 የዚያው አገር የስኳርና የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበራት መድኃኒቱ ሲጀመር ክብደት፣ ወገብ፣ ደም ግፊት፣ ስኳርና ቅባት ይለካ፣ በኋላም ይደገም አሉ። ኦላንዛፒንን ያወጣው ኢላይ ሊሊ በ2009 መድኃኒቱን ላልተፈቀደለት ሕመም በማሻሻጡ ጥፋቱን አምኖ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ዶላሩ እዚያው ቀረ፤ ኪኒኑ ግን እኛ ዘንድ ደረሰ።

የኛውንም እንይ። ቡታጅራ ላይ 10 ዓመት የፈጀው ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ወደ 30 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ እንደሚያጡ አሳይቷል። እውነቱን ለመናገር ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው እንጂ ስኳር አይደለም። ታዲያ ይህ ለባለሥልጣን ማምለጫ ይሆናል? ሕመምተኛው ራሱን እንጂ ገላውን የሚያይለት ካጣ በሁለቱም ይሞታል።

ጦርነቱን አንስተው የሚመልሱልኝ አይጠፉም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ የደረሰባትን፣ ጤና ተቋማት መዘረፋቸውን ማን ይክዳል? ግን ወገብ ለመለካት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል እኮ! ክብደቱ ለገፋበትም ሜትፎርሚን የሚባል ርካሽ ኪኒን አለ። ጤና ጥበቃ በ2005 ዓ.ም. ባወጣው ስትራቴጂ የአእምሮ ሕክምናን እስከ ጤና ጣቢያ አወርዳለሁ ብሎ ነበር። የሚወርደው ኪኒን ብቻ ነው እንዴ?

ኪኒኑ በሚታደልበት መስኮት አጠገብ አንዲት ሚዛን ትቀመጥ፤ የወጣው ቁጥር በየቀጠሮው ካርዱ ላይ ይጻፍ። ልጁ ውሃ ውሃ ካለና ሽንት ካመላለሰው ደግሞ ቀጠሮው እስኪደርስ ሳይጠበቅ ስኳሩ ይለካለት።