የይርጋጨፌን ስም አስመዝግበናል፤ ማስረጃውስ?

ዛሬ ስለ ቡናና ስለ ማር እናውጋ። ነገሩ የሳይንስ ቢመስልም ዞሮ ዞሮ የገበሬው ኪስ ጉዳይ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። ከስታርባክስ ጋር የነበረው እሰጥ አገባ በ2007 በስምምነት ተቋጨ። ትልቅ ድል ነበር። ነገር ግን የንግድ ምልክት የሚጠብቀው ስሙን ነው፤ ጆንያው ውስጥ ያለው ፍሬ በእርግጥ ከዚያ አፈር መብቀሉን አይመሰክርም። በትንንሽ ማሳ ላይ ቡና የሚያለማውን እልፍ አእላፍ ገበሬ አንድ በአንድ ተከታትሎ ምንጩን ማረጋገጥ ያኔም ከባድ ነበር፤ ዛሬም ከባድ ነው።

አሁን ግን ፍሬው ራሱ መናገር ይችላል።

እንዴት? የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች ሁሉ ክብደታቸው እኩል አይደለም። ካርቦን 12 አለ፤ ትንሽ ከበድ የሚል ካርቦን 13 አለ። አይሶቶፕ ይባላሉ። እነዚህ ጨረር የላቸውም፣ ዕድሜም አይለውጣቸውም። ምጥጥናቸው ግን ከተክል ተክል፣ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

በማር እንጀምር። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ሸንኮራ አገዳ ካርቦንን ከአየር የሚይዙበት መንገድ ከአደይ አበባ፣ ከግራዋና ከባሕር ዛፍ ይለያል፤ ስለዚህ ካርቦን 13 በውስጣቸው በርከት ይላል። ንብ የምትቀስመው በአብዛኛው ከሁለተኛው ወገን ነው። የወንጂና የመተሐራ ስኳር ደግሞ የሸንኮራ አገዳ ነው። ማር ላይ ስኳር የደባለቀ ነጋዴ ምላሳችንን ሊያታልል ይችላል፤ ካርቦኑን ግን አያታልልም። ላቦራቶሪው የማሩን ካርቦን እዚያው ማር ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ያመሳክራል፤ ከ7 በመቶ በላይ የአገዳ ስኳር ከገባበት ይያዛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይኼ ነው።

ቡና ላይ ደግሞ ሌላ ምስክር አለ፤ ውሃ። ደመና ከባሕር ተነሥቶ ወደ መሐል አገር ሲጓዝና ተራራ ሲወጣ ከባዱን ኦክስጅን 18 ቀድሞ ያራግፋል። ስለዚህ በጥቅሉ የደጋ ዝናብ ቀለል ይላል፤ ዛፉም የጠጣውን ውሃ አሻራ በፍሬው ላይ ያስቀራል። አፈሩ በበኩሉ በስትሮንቲየም ይፈርማል፤ ጥንታዊ ድንጋይና ወጣት የእሳተ ገሞራ አለት የሚሰጡት ምጥጥን አንድ አይደለም።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የዝናብ አይሶቶፕን የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ መረብ የአዲስ አበባን ዝናብ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያውቀዋል። ውጤቱም ተመራማሪዎችን ሲያነጋግር ኖሯል፤ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ዝናቧ ከሚጠበቀው በላይ ከባድ ነው። የሌላው ዓለም ስሌት እኛ ጋ ሲደርስ ይሳሳታል ማለት ነው። ያንን ስሌት ብቻ ይዞ ቡናችንን የሚመረምር ሰው እውነተኛውን ይርጋጨፌ ሐሰተኛ ሊለው ይችላል።

ስለዚህ ከማሽኑ በፊት የሚያስፈልገን የራሳችን መዝገብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለወይን ጠጁ ከ1991 ጀምሮ የአይሶቶፕ የመረጃ ቋት አለው፤ ምንጩ የተረጋገጠ ናሙና በየዓመቱ ይገባበታል። እኛስ? የቡናና ሻይ ባለሥልጣን፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የገበሬ ዩኒየኖች በየመኸሩ ከየወረዳው ጥቂት ፍሬ ሰብስበው፣ ቦታውንና ቀኑን መዝግበው፣ አሽገው ማስቀመጥ ያቅታቸዋል? ይህ ገና ከጅምሩ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሥርዓት ነው የሚጠይቀው።

«ማዳበሪያ በወቅቱ ላልደረሰው ገበሬ አይሶቶፕ ምን ይፈይድለታል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ቀላል ነው፤ ርካሽ ቡና በስሙ በተሸጠ ቁጥር የሚዘረፈው እሱ ነው።

ተአምር ነው እያልኩ አይደለም። ተጎራባች ቀበሌዎች ዝናባቸውም አፈራቸውም ስለሚመሳሰል መለየት ያስቸግራል። ከበቆሎና ከአገዳ ውጭ በሆነ፣ ለምሳሌ በሩዝ ሽሮፕ የተበረዘ ማርም ከካርቦኑ ምርመራ ሊያመልጥ ይችላል። ምርመራው ከወረቀቱና ከቀማሹ ጎን የሚቆም ሦስተኛ ምስክር እንጂ ብቸኛ ዳኛ አይደለም።

ስሙን ተከራክረን አስመልሰናል። ማስረጃውን ሌላ ሰው እስኪጽፍልን እንጠብቅ? እናንተስ ምን ትላላችሁ?