የጫቱ አይሱዙ ኬሚስትሪ ያውቃል

ባለፈው ክረምት መሰላ ነበርን። (ለማታውቋት፦ መሰላ ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ናት። የዞኑ ዋና ከተማ ጭሮ ነው፤ ወላጆቻችን አሰበ ተፈሪ የሚሉት።) ያረፍንበት ቤት ልጅ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት፤ ለእረፍት መጥታለች። ጭኗ ላይ የጄኔራል ኬሚስትሪ ሃንድአውት ዘርግታለች። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ ግማሹ ፊደል ጠፍቷል።

«ሞል ማለት ምንድን ነው?» አልናት፣ ለጨዋታ ያህል።

«6.022 ሲባዛ በ10፣ ፓወር 23» አለች ሳትተነፍስ።

«የምን?»

ትንሽ አሰበችና ሳቀች። «የፈተና ነዋ!»

አብረናት ሳቅን። በእርግጥ የመሳቅ መብት የለንም። ጋዜጠኝነት ከተመረቅነው መካከል ስንቶቻችን ነን ሶሻል የገባነው መጻፍ ወደን ሳይሆን ከሞል ሸሽተን? እጅ ይውጣ ቢባል የኛ ይወጣል።

እናቷ አጠገባችን ቁጭ ብለው ጫት ያስራሉ። እስሩን በሙዝ ቅጠል ይጠቀልሉና ልጃቸውን በኦሮምኛ ይጠሯታል፤ ውሃ ርጪበት፣ መኪናው እስኪመጣ እንዳይደርቅ። ልጅቷ ሃንድአውቷን አስቀምጣ ትነሳለች። ኬሚስትሪዋን አቋርጣ ወደ ሥራ የሄደች መስሏታል። እዚህ ላይ ነው ንድድ ያለን።

ምክንያቱም ጫትን ጫት የሚያደርገው ዋናው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክስ ላብራቶሪ ለይቶ ያወጣው ነው። ቅጠሉ ተቆርጦ እየደረቀ ሲሄድ ካቲኖኑ ካቲን ወደሚባል ደካማ ነገር ይለወጣል፤ ጫቱም ዋጋ ያጣል። ውሃው፣ የሙዝ ቅጠሉ፣ ጥላው፣ የሌሊት ጉዞው፣ ሕዝቡ «አልቃይዳ» ያለው የአይሱዙ እብደት ሁሉ አንድን ኬሚካላዊ ለውጥ ለማዘግየት ወይም ለመቅደም የሚደረግ ሩጫ ነው። በሃንድአውቱ «የሪአክሽን ፍጥነት» የሚል ምዕራፍ አለ። እናትየው ምዕራፉን ኖረውበታል። ልጅቷ ሸምድዳዋለች። ሁለቱን የሚያስተዋውቅ አስተማሪ አልመጣም። (ጫት ቃሙ እያልን እንዳልሆነ ይታወቅልን፤ ኮሜንት ላይ እንዳትጨቃጨቁን።)

አሁን ወደ ጠባችን። የ12ኛ ክፍል ፈተና በወጣ ቁጥር ትልልቆቹ «ይህ ትውልድ ሰነፍ ነው» ይሉናል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። እሺ፣ ቁጥሩን አንክድም። ግን ከመቶ ዘጠና ምናምኑ የሚወድቅበትን ነገር ስንፍና ማለት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? የመሰላ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ተምራ 9ኛ ላይ በአንድ ክረምት ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆንባታል። ታላላቆቻችን በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ መጥቶላቸው ሙከራውን ሌላ ሰው ሲሠራው በቴሌቪዥን አይተዋል፤ እኛ ያንንም በቅጡ አላየንም።

መንግሥት ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ግድም ሰባ በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ብሎ ወሰነ። ወንበሩ ሞላ። ተማሪን በኮታ መመደብ ይቻላል፤ ቢውሬት እንዲይዝ ማድረግ ግን ሌላ ሥራ ነው። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ሲመለስ ደስ ብሎን ነበር፤ መሠረት ሊጣል ነው ብለን። ጄኔራል ኬሚስትሪ ግን በአንድ ሴሚስተር ከምዕራፍ ምዕራፍ የሚጋልብ ፈረስ ሆነ። መምህሩን አንወቅስም። በዚያ ደመወዝ፣ በዚያ የተማሪ ብዛት፣ ሪኤጀንት በሌለበት ሰሌዳ ላይ ቲትሬሽን ቢሥል ምን ይፈረድበታል?

የምንወቅሰው «ላብ የለም» የሚለው ቃል ሁሉን የሚዘጋ ቁልፍ መሆኑን ነው። ካርካዴ አፍሉ። ሎሚ ጨምቁበት፤ ቅላቱ ይደምቃል። በሌላው ብርጭቆ የአመድ ውሃ ጨምሩ፤ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ይኸው አሲድና ቤዝ፣ በሃያ ብር። ድሬዳዋ የአገሪቱ የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ የቆመባት ከተማ ናት፤ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለቅ ለሐረርጌ ልጅ በእንግሊዝ ምሳሌ ማስረዳት ነውር ነው።

ሞልስ? የዩሪያ ጆንያ በየገበሬው ጓሮ አለ፤ ላዩ ላይ 46 ተጽፏል። የአንድ ሞል ዩሪያ ክብደት 60 ግራም ነው፤ ከዚህ ውስጥ ናይትሮጅኑ 28። አካፍሉት፣ 46 ምናምን በመቶ ይመጣል። ልጅቷን ይህን አስላን፤ ወዲያው ጓሮ ሄዳ ጆንያውን አይታ መጣች። ከዚያ በኋላ ሃንድአውቱን አልነካችውም፤ እኛን ነው በጥያቄ የያዘችን። ግማሹን መመለስ አልቻልንም።

«ኬሚስትሪ ምን ያደርግልናል?» ለምትሉ የሶሻል ወዳጆቻችንም አንድ ነገር። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ መንግሥት ከዳንጎቴ ጋር ጎዴ ላይ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራረመ፤ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ። ናይትሮጅኑ ከአየር፣ ሃይድሮጅኑ ከሶማሌ ክልል የተፈጥሮ ጋዝ ሊወጣ ነው። እኛ ጋዜጠኞቹ ምን ጠየቅን? የዶላሩን መጠን። ሂደቱን ስለማናውቅ ምን እንደሚጠየቅ አናውቅም። ፋብሪካው ሲቆምስ ግፊቱንና ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ማን ነው? የሃበርን ቀመር ሸምድዶ ቴርሞሜትር ያልያዘ ተመራቂ?

ስለዚህ ፈተና የምታወጡ ሆይ፣ ምዕራፎቹን ቀንሱና በሚቀጥለው የጄኔራል ኬሚስትሪ ፈተና አንድ ጥያቄ ጨምሩልን፦ የመሰላ ጫት ለምን በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ ሌሊት ይጓዛል? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አታድርጉበት። ባዶ ቦታ ተዉ።