ሁሉም ትክክል ከነበረ ማን አጠፋ?

ባለፈው ለበዓል ዱርቤቴ ወርጄ ሳለ ላፕቶፔን ከፍቼ ለአብሮ አደጎቼ አንድ የስዊድን ፊልም ጋበዝኳቸው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ፣ «ሰውዬው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ያስባል፤ ፊልሙ መቼ ነው የሚጀመረው?» አለኝ። ሌላው ቀጠለ፤ «ጋዜጠኝነት ተምረሽ የመጣሽው ይሄን ልታሳዪን ነው?» ሳቅን። ከዚያ አንድ በአንድ እየተነሱ ኳስ ሊያዩ ሄዱ። ቡና የምታፈላው አያቴ ብቻ ቀረች። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። ይህን የምጽፈውም ንዴቴ ስላልበረደ ነው።

ፊልሙ የኢንግማር በርግማን «የዱር እንጆሪ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ተሠርቶ በዓመቱ በበርሊን ፌስቲቫል ወርቃማውን ድብ ወስዷል። ይስሐቅ ቦርግ የሚባል የ78 ዓመት ሐኪም ዶክተር ከሆነ 50 ዓመት ስለሞላው ሊከበር ከስቶክሆልም ወደ ሉንድ በመኪና ይጓዛል። አብራው ያለችው የልጁ ሚስት ናት። መንገድ ላይ የልጅነቱን ቤት ያያል፤ ይወዳት የነበረችውንና ወንድሙ የወሰዳትን ልጅ ያስታውሳል። በሕልሙ ፈተና ላይ ይቀመጥና የሐኪም የመጀመሪያ ግዴታ ምን እንደሆነ ይጠየቃል። አያውቀውም። ለካ ይቅርታ መጠየቅ ነው። የሽማግሌው ቅዝቃዜ ለልጁም ተላልፏል፤ ልጁ አባት መሆን እንኳ አይፈልግም። ይስሐቅ ለዚህ ልጁ ብር አበድሮት በጥብቅ ሲያስከፍለው ኖሯል። መጨረሻ ላይ ስለዚያ ዕዳ ሊያነሳለት ሲሞክር፣ ልጁ ብሩን የሚጠይቀው ይመስለዋል። እንግዲህ ይህ ነው «ያልተጀመረው» ፊልም።

«የፈረንጅ ሽማግሌ ብሶት ለእኛ ምናችን ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ለዚህ መልሱ ኃይሌ ገሪማ ነው። ጎንደር ተወልዶ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማረው ኃይሌ «ጤዛ»ን እ.ኤ.አ. በ2008 ይዞልን መጣ። ፊልሙ በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማትን አገኘ፤ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ጀርመን ሕክምና የተማረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ እናቱ ወዳለችበት ጣና ዳር መንደር ይመለሳል። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ቀርቶታል። ወታደሮች ልጆችን ለጦርነት ያፍሳሉ፤ ልጆቹ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። አንበርብር ሌሊት ይባንናል፤ ትዝታው ቅደም ተከተል የለውም። ለአብዮት ይዘምሩ የነበሩት ጓደኞቹ፣ የተስፋዬ አሟሟት፣ ጀርመን ላይ የደረሰበት ሁሉ ተደበላልቆ ይመጣበታል። ሐኪም ነው፤ እንደ ይስሐቅ። የታመመውም በትዝታ ነው፤ እንደ ይስሐቅ።

ስለ «ጤዛ»ም ግን የምሰማው ያንኑ ነው፤ «ይደብራል፣ ይመሰቃቀላል»።

እኔ አላምንም። እኛ እኮ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ቁጭ ብለን የምንጠብቅ፣ ለቅሶ ቤት ቀኑን ሙሉ የምንውል ሰዎች ነን። ዝግታ አይገድለንም። የሚያስፈራን ጸጸቱ ነው።

ካላመናችሁ መጻሕፍት መደብር ግቡ። «የዚያ ትውልድ» የትዝታ መጻሕፍት መደርደሪያ ሞልተዋል። ጥፋቱን በግልጽ የጻፈ የለም አልልም፤ አለ፣ ግን ጥቂት ነው። በአብዛኛው የተኮሰው ሌላ ነው፣ የከዳው ሌላ ነው፣ ጸሐፊው ግን ቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። መንግሥቱ ኃይለማርያም በግንቦት 1983 ዓ.ም. አገር ጥሎ ወጣ፤ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ አለው። በ2004 ዓ.ም. ያስነበበን መጽሐፍ «ትግላችን» ይባላል። ርዕሱን ብቻ እዩት፤ የ«እኛ» እንጂ የ«እኔ» የሚባል ነገር የለበትም። እና ሁሉም ትክክል ከነበረ ያን ሁሉ ልጅ ማን ገደለው?

«ሂስና ግለ ሂስማ ነበር» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ነበር። ስብሰባ ላይ ተነስቶ ጓዶች የሚፈልጉትን መናዘዝ ነበር። ያ ጸጸት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ምናልባትም ጥፋትን ማመን ዛሬ ድረስ ሽንፈት የሚመስለን ከዚያ ስለተማርነው ይሆናል። «ንስሐስ?» ካላችሁ፣ ንስሐ በተናዛዡና በነፍስ አባቱ መካከል ይቀራል። እኔ የምጠይቀው ልጆች መስማት ስላለባቸው ነገር ነው።

ነገሩ የድሮ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጨቀጨቅኳችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጎጃም ውስጥ የጥይት ድምፅ ለይቶ የማያውቅ ልጅ ማግኘት ከባድ ነው። «ጤዛ» ውስጥ ዋሻ የገቡትን ልጆች ሳይ የሩቅ ዘመን ታሪክ አልመሰለኝም። ከሃያ ዓመት በኋላ የዛሬዎቹም በተራቸው መጽሐፍ ይጽፋሉ። እንደ ታላላቆቻቸው ከጻፉ፣ የእኛ ልጆች የሚወርሱት ክስ ብቻ ነው፤ ከሳሽ ሞልቶ አጥፊ የሌለበት ክስ።

ያን ቀን ጓደኞቼ ከሄዱ በኋላ ፊልሙን ለአያቴ ተረኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ኧረግ! ታዲያ ልጁን ይቅር በለኝ አለው?»

«ሊለው ሞክሮ ነበር። ልጁ ግን ብሩን የጠየቀው መሰለው።»

ስኒዎቹን ማጠብ ጀመረች። ቆየት ብላ፣ «አያትሽም አንድ ቀን አባትሽን ጠርቶት ነበር» አለች። «ስለ መሬቱ ሊያነሳ ነው ብሎ ሳይሄድ ቀረ።» ሌላ አልጨመረችም።

ፊልሙን አልወደድኩትም ማለት መብታችሁ ነው። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። በሚቀጥለው በዓል አገር ቤት ስትወርዱ ሽማግሌዎቻችሁን ስለ ጀግንነታቸው አትጠይቋቸው፤ እሱን ሳትጠይቋቸውም ይነግሯችኋል። «የሚቆጭዎት ምንድን ነው?» በሏቸው። ከጠሯችሁ ደግሞ ሂዱ።